በሬውን ሸጦ ለመጣው

ቁጭ በል ምትኩ፣ ብሩን ከወገብህ አትፍታ፤
የሞላሌ ቅዳሜ ገና ነው፣ ገበያው አይፈታም እስከ ማታ።
ጥቁሩን በሬ እንደሸጥክ ሰምቻለሁ ከደላላው፣
ገንዘብህን ገና ሳያየው በልቡ ከበላው።
እኔ ነፍጥ አልሸጥም፤ ጥገና ነው የለመደው እጄ፣
ሠላሳ ዓመት በዚህች መደብ፣ ከብረት ጋር ተዋድጄ።

ስለዚህ ስማኝ።

መጀመሪያ ሻጩን እየው፣ ከነፍጡ በፊት ፊቱን፤
የማን እንደነበር ጠይቀው፣ ያወረሰውን አባቱን።
«ከሩቅ አገር ነው» ካለህ፣ ዓይኑም ወደ መንገድ ከሸሸ፣
ወረቀቱም «ቤት ቀርቷል» ከሆነ፣ ተነሥ፤ ነገሩ ተበላሸ።
የሰው ደም ያለበት ብረት ሁልጊዜ ዋጋው ርካሽ ነው፤
ቀሪውን የምትከፍለው ዳኛ ፊት ቆመህ ነው።

ቀጥሎ መዝጊያውን ምዘዝ። አውራ ጣትህን ከኋላ አግባ፤
ፀሐይ ጥፍርህ ላይ ትረፍ፣ ዓይንህ በአፈሙዝ በኩል ይግባ።
ጥምዝምዙ ስለት ካለው፣ እንደ ማረሻ ካበራ፣
ደግ። ነቀዝ የበላው ባቄላ ከመሰለህ ግን፣ ጭላዳ እንኳ አያስፈራ።

ቁጥሩን አስነብብ። የመዝጊያው ከበርሜሉ ካልገጠመ፣
ሁለት ባዕድ በአንድ ጎጆ ነው፣ ደላላ ያጋጠመ።

ሰደፉን ትከሻህ ላይ አሳርፈው፤ ዓይንህን ጨፍን፣ ከዚያ ግለጠው፤
ዒላማው ቀጥ ብሎ ካልጠበቀህ፣ ለሌላ ሰው ነው የተሰጠው።
አጭር ነህ፣ አትቆጣ፤ አባትህም አጭር ነበረ፤
በረጅም ነፍጥ ሲፎክር የስንቱ አጭር ጥርስ ተሰበረ!

ጥይቱንስ አስበሃል? ውጅግራ በፉከራ ያምራል፣ ቀለሁ ግን ከጠፋ ቆየ፤
የበር መወርወሪያ ሆኖ በስንቱ ቤት ዓይኔ አየ።

ሦስት ተኩስ። አንዱ የዕድል ነው፣ ሁለተኛው የደላላ፤
ከገደሉ አፋፍ ወስደህ ድንጋይ ላይ ሞክረው፣ ሰው ሳይኖር ከኋላ።
ሦስተኛው የራሱ የነፍጡ ነው።
ቀለሁን አንሥተህ እየው፤ ካበጠ፣ ወይ ከተቀደደ፣
ሻጩ ገና ሲምል ሲገዘት፣ እግርህ ወደ ቤት በነጎደ።

አሁን የመጨረሻውን።
ለዚህ ነው ብርህን ያላስፈታሁህ።

ከመዝጊያው ቤት ሥር፣ ብረቱ ከእንጨቱ ሲገናኝ፣
በጥፍርህ ፋቀው። ጠንክረህ።
ጥቀርሻ የገባበት ሰም ስንጥቅ ላይ ሲደርቅ
ደህና ብረት ይመስላል።
የቅኔ ሰዎች ከሰሙ ሥር ወርቅ አለ ይላሉ፤
እኔ የማውቀው ሰም ሥር ግን
ያለው ስንጥቁ ነው።

የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ምትኩ።
የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚህች መደብ፣ በዚህ አውራ ጣት።
ወንድይፍራው መጣ፣ ገብሱን ሸጦ፣ እንደ አንተ ችኩል፤
«ደህና ነው ወይ?» አለኝ።
ሻጩ አምስት ብር አስጨብጦኝ ነበር።
«ደህና ነው» አልኩት።

ከጓሳው ጥግ በጅብ ላይ ተኮሰ፤
ጅቡ ሄደ፣ መዝጊያው ወደ ኋላ መጣ።
ቀኝ ዓይኑን።
እናትህ አንተን ይዛ ነበር፤ ስትወለድ
«ምትኩ» አለችህ፣ የዚያ ዓይን ምትክ።
ሰው የሞተ ወንድም ያለህ ይመስለዋል። የለህም።

አባትህ አልከሰሰኝም።
ወደ ገበያ ሲሄድ በጠፋው ዓይኑ በኩል ነበርኩ፣ አያየኝም፤
ሲመለስ በደህናው በኩል ነበርኩ፣
ያን ጊዜ ፊቴን የማዞረው እኔ።

በል ተነሥ፤ ገበያው ሞልቷል።
እኔ ከኋላህ እቆማለሁ፣ ዝም ብዬ፤
ዋጋ ስትከራከር አፌን አልከፍትም፣ ከማንም አንድ ሳንቲም አልነካም።
ፋቂው ግን አንተ ነህ።
እስቲ እጅህን አሳየኝ።
ጥፍርህን አልተቆረጥክም?
ደግ አደረግህ።