አሥራ አንድ ደቂቃ

ደሴ ስክሪኔ ላይ መዳፍ ታክላለች፤
አንዲት ቀይ ነጥብ በሆዷ ትሄዳለች።
ነጥቧ ይመር ነው፣ የቆሻሻው መኪና።
ሰኞ ገበያን አልፎ፣ ጦሳ ግርጌ ደርሶ ቆመ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ።
ማክሰኞም እዚያው። ሐሙስም እንደገና።

«ጫት ቤት ነዋ!» አለ አለቃዬ፤
«ጻፊበት፣ ከደመወዙ ይቆረጥ።»

ሄጄ አየሁ።
መንገዱ እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ጭቃ።
ይመር ሞተር አጥፍቶ በእግሩ ይወጣል፣
የእማማ ሉባባን ማዳበሪያ በጀርባው፣
የጎረቤቶቿን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ይወርዳል።
ጂፒኤሱ መኪናው ላይ ነው የታሰረው፤
ሰውየው ላይ ማን አሰረ?

ተመልሼ «የቆመበት ምክንያት» ከሚለው ፊት
«ዳገት» ብዬ ሞላሁ።
«ስንት ሜትር?» አለ አለቃዬ።
አልለካሁም፤
ትንፋሼ ግን ገና አልተመለሰም።