ሠላሳ አንድ ቁራጭ

ከዙልሚራ ሰገነት፣ ከዶውሮ ወንዝ ማዶ፣
የፖርቶ ጣሪያ ሁሉ በምሽት ጀንበር ነዶ፣
ባለ ሦስት እግሩን ተክዬ፣ ካሜራዬን እያዞርኩ፣
ከብረቱ ድልድይ ጀምሬ እስከ ባሕሩ አፍ ቆጠርኩ፦
ሠላሳ አንድ ፎቶ። እያንዳንዱ ጫፉን
ለጎረቤቱ አበድሮ፣ አደራርቦ ክንፉን።

«ለግድግዳዬ ነው» አለች፣ «ከአልጋዬ ፊት ለፊት።
ሆቴሉ ይጋርደኛል፣ ሳይወጣ ክረምት።»
በነጋታው ክሬን ቆመ፣ ቢጫ ክንዱን ዘርግቶ፣
የወንዙን ግማሽ ይዞ፣ ድልድዩን ለሁለት ከፍቶ።
እንግዲህ ድጋሚ ማንሳት የለም። ያለኝ ያው ነው፤
ሠላሳ አንድ ቁራጭ፣ ሰፍቼ የማገናኘው።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ጀመረ መርፌው ሥራ፤
መስኮትን ከመስኮት አጋባ፣ ጣራን ከጣራ፤
ሰማንያ አንድ በመቶ... ሰማንያ ሁለት... ድርግም።
መስኮቱ ተዘጋ፤ ምክንያት እንኳ አይሰጥም።
ደገምኩት፤ በስልሳ ሦስት ላይ ሞተ።
ደገምኩት፤ ሰማዩ ገጠመ፣ ወንዙ ተጎተተ፣
«አስቀምጥ» ስለው ጠፋ።

የማያቋርጥ ሕመም ቢሆን መድኃኒቱ ይታወቃል፤
ይሄ ግን እንደ ወባ ነው፣ ሐኪም ሲመጣ ይተዋል።

ተጠርጣሪ ፈለግሁ። መጀመሪያ የባሕር ወፏን፣ በሦስት ፎቶ በርራ
ሦስት ወፍ የመሰለችውን። ከሰስኳት። አወጣኋት። ሠራ!
ማታ ወደቀ።
ቀጥሎ ወንዙን፦ ውሃ አያስተማምንም፤
አንዱ ሞገድ ወደ ሌላው ፎቶ አይደገምም።
የጋራ ነጥብ ሲፈልግ፣ ፕሮግራሙ ማደሪያ አጥቶ
ይሆናል፣ አልኩ፣ የወደቀው፣ ውሃ ላይ ችካል መትቶ።
ወንዙን ሸፈንኩት። ወደቀ።

ከዚያ ክምሩን ከፈልኩ፤ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ አምስት፤
ግማሹንም ግማሽ አደረግኩ፤ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት።
ለብቻ ሲጠየቁ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ፤
ሸንጎ ፊት አብረው ሲቆሙ ነው ቃላቸውን የሚቀይሩ።

ደብተሬ እንዲህ ይላል፦
ማክሰኞ፣ ዝናብ። ሠራ።
ረቡዕ፣ ፀሐይ። ሦስቴ ወደቀ።
ሐሙስ ሌሊት፣ መስኮት ክፍት። ሠራ።
ዓርብ፣ ከታች ያለው ዳቦ ቤት ምድጃውን ለኮሰ። ወደቀ።
ቅዳሜ፣ ፕሮግራሙን ነቅዬ አዲስ ተከልኩ። ያው።
እኔው ጽፌ፣ እኔው አላነበብኩትም።

ያነበበው ቫልዴማር ነው፤ በዳገቱ መንገድ ዳር
ሬዲዮ ሲጠግን የሚውል፣ ካንዲት አንካሳ ድመት ጋር።
«መርፌህ ጤና ነው» አለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ጨርቁን የያዘው እጅ ነው የሚለቀው፣ ሲሞቀው ዝሎ።»
ሌሊቱን ሙሉ ፈተነው፤ ለሚሞሪው ቁጥር እየሰጠ፣
አደራዬን መልስ እያለ፣ ደግሞ ሌላ እየመረጠ።
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ አንዲት ቀይ መስመር ወጣች፦
በሚሊዮን ሚሊዮን መሀል አንዲት ዜሮ አንድ ሆና ተገኘች።
ጣት የምታህል ሰሌዳ። ከሁለቱ አንዷ።
አደራ በላ።
ነቀላት።

በግማሽ ትውስታ፣ እያዘገመ እያነከሰ፣
ከሰዓቱን ሁሉ ፈጅቶ፣ ዳር እስከ ዳር ጨረሰ።
አራት ሜትር ወረቀት። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጠፍነው።
ዙልሚራ ከግራ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ሄደች፤
ድልድዩን፣ የወይን ጠጁን መጋዘን፣ ደወሉን አለፈች፣
አንድ ቦታ ቆመች፦
ባራተኛው ፎቅ መስኮት ልብስ የምታሰጣ ሴት፣
በሚቀጥለውም መስኮት ያቺው ሴት፣ ያው ቅርጫት፤
በሁለት ፎቶ መሀል ተራምዳ፣ ሁለት ሆና ቀርታ።
«ስህተት ነው፤ ላስተካክለው» አልኳት። ሳቀች፣ ቆይታ።
«ተዋት። ኢርሜሊንዳ ናት፤ ስድስት ልጅ አላት።
አንድ ሆና እንዴት ትችለዋለች?»

ቁልቁለቱን ስወርድ ኪሴ ውስጥ ያቺን ሰሌዳ ነካኋት።
ቀዝቅዛለች።
አሁን ብጠይቃት፣ ምናልባት፣ ሁሉን ታስታውሳለች።