ግራው ገና ነው

ሐረጎን ስንወርድ፣ በሚኒባስ መስኮት
ጦይባ ኩርባውን እየቆጠረች
አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ፌስታል አስያዘችኝ።
ረያን ግን ተኝቷል፤ እሱ ምን ጨነቀው፣
ደሴ ላይ ጠግቦ ኮምቦልቻ ሊራብ ነው።

ቃሉን የገባላት አባቷ ነበረ፣
«ለኢድ መጫወቻው ጋ እወስድሻለሁ» ብሎ፤
እሱ ሚሌ ቀርቷል፣ መኪናው ተበላሽቶ።
ያባት ነው ቃል መግባት፣
የእናት ነው ማስረከብ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ የደሴ ሹራብ ዕዳ ነው፤
በክንዴ አንጠልጥዬ፣ ልጄን በጀርባዬ
ገባሁ ተጋፍቼ።
አጥሩ አዲስ ቀለም፣ ውስጡ የጥንት ብረት፤
ጆሮው የተገመሰ ዝሆን ይሽከረከራል፣
ድምፅ ማጉያው አንዱን ዘፈን ይደጋግማል፣
ልጅ ይጮሃል፣ አባት ይከፍላል፣ ፊኛ ይፈነዳል።

ረያን ተገላበጠ። አፉ ጀርባዬን ፈለገ።
አወቅሁት ያንን አፍ። ጡቴም አወቀው፣
ቀድሞኝ ረጠበ።
የት ልቀመጥ?
ጥላው ሥር ያለውን ወንበር ጎረምሶች ይዘውታል፣
ከቲኬት ቤቱ ጀርባ፣ ምኑን ልንገራችሁ፣ ይሸታል፤
ግንቡ ላይ አረፍ ብዬ ሻርፔን ሳብ ሳደርግ
አንዱ ዓይኑን ሰበረ፣
አንዱ ግን አልሰበረም።
ቁልፌን መልሼ ቆለፍኩ።

«እማ፣ ትልቁ ላይ! አንዴ ብቻ! ወላሂ አንዴ!»
ሙሄ የሚሉት ልጅ፣ ቲኬት የሚቆርጠው፣
«ብቻዋን አትወጣም፤ አንቺም ግቢ» አለኝ፤
ረያንን አየና፣ «የሱን አናስከፍልም።»

ወጣን።
መንኮራኩሩ እያቃሰተ፣ እየተንቋቋ፣
ጣራው ከታች ቀረ፣ ዛፉ ከታች ቀረ፣
ልክ ጫፉ ላይ ስንደርስ
ቀጥ።

ዘፈኑ በቃሉ መሀል ተቆረጠ።
ዝሆኑ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።
«መብራት ሄደ!» አለ ሰው ሁሉ፣ እንደ አሚን ባንድ አፍ።
ሙሄ ከታች፣ በሁለት መዳፉ ጥሩምባ ሠርቶ፣
«አብሽሩ! ጀነሬተር አለን!
ናፍጣ እንዲገዛ ልጅ ልከናል!»

ይህን ጊዜ ነው ረያን የነቃው፣
አገር ጸጥ ያለበትን ደቂቃ መርጦ።

ዙሪያዬን አየሁ።
ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ የፋብሪካው ጭስ መውጫ፣
ቦርከና እንደተጣለ መቀነት ተጠማዞ፤
ከአናቴ በላይ አንድ ጭልፊት፣
እሱም የራሱ ጉዳይ አለው።
ማን ሊያየኝ?
ሻርፔን አጥፌ ከሥሬ ጎዘጎዝኩት፣
ቁልፌን እስከ ታች ፈታሁ።

ነፋሱ ደረቴን ሲነካው፣ ያ አላህ፣
ሙሽራ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልቀለለኝም።
ያዘ።
አንድ ጉንጭ፣ አንድ ትንፋሽ፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ትንፋሽ፤
በዚያ ሁሉ ብረት መሀል
የሚሠራው ሞተር እሱ ብቻ።

«እማ፣ እንወድቃለን?»
«አንወድቅም።»
«ረያን ለምን አይፈራም?»
«አፉ ሥራ ይዟላ።»
ጦይባ ዝም አለች። ብረቱን ከጨበጡት አንድ እጇን ለቀቀች፣
የቲኬቷን ቁራጭ፣ ጥፍር የምታህለውን፣
ዓይኑ ላይ ጋረደችለት፣ ፀሐይ እንዳያገኘው።
«እኔም እንዲህ ነበርኩ?»
«እንዲህ ነበርሽ» አልኳት።
መንገዱን አልነገርኳትም፤
ያ ሁሉ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ሲተም
መቆም አይቻልም ነበርና፣ እየተራመድኩ፣
አቧራውን ከወተቱ ጋር እንዳጠባኋት።

ዛሬ ቆሜአለሁ። ሰማይ ላይ ቆሜአለሁ።
መብራት ኃይል ሆይ፣ ስንቴ ረግሜሃለሁ፣
በፍሪጄ ሥጋ፣ በሻማዬ ብር፤
ዛሬ ግን አውፍ ብዬሃለሁ።

ከታች ጭብጨባ ሆነ። ጄሪካን አንጠልጥሎ
አንድ ልጅ በበሩ እየሮጠ ገባ።
«መጣ! መጣ! ያዙ፣ ልናስነሳው ነው!»
ሰው ሁሉ እልል አለ።
እኔ ብቻ፣ ረያንን ወደ ሌላው ጎን እያዞርኩ፣
«ሙሄ፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል፤
ግራው ገና ነው።»