የአስተያየት ዓምድ

አራት ዓምድ አለው የፓምፑ መዝገብ፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ግፊት፣ በስተቀኝ ደግሞ "አስተያየት" የሚል፣
ለብልሽት የተተወ፦ ለቧንቧ መሰንጠቅ፣
ለቺንጋ መበጠስ፣ ለዘይት መጉደል።

ከእኔ በፊት እዚህ የኖረው ጋሽ እንድሪስ ወልደየስ
ከፋብሪካው ጓሮ፣ ከቦርከና ዳር፣ ሃያ ሦስት መስከረም ሲመላለስ፣
ሞተሩ ደህና ባደረ ጠዋት፣ ያ ዓምድ ባዶውን እንዳይቀር
ወፍ ይሞላበት ነበር።

"መስከረም ሰባት። ሳቢሳ ሁለት፤ አንደኛው ያነክሳል።
መስከረም ሃያ። ሽመላ ዘጠኝ፤ እግራቸው ቀይ፣ ጭቃ ውስጥ እንኳ ይታያል።
ጥቅምት አራት። ጭልፊት በባቲ በኩል፣ ከቆላው ወጥቶ፣ ሰማዩን ሞላው፤
እስከ መቶ አርባ ቆጠርኩ፤ የቀረውን አላህ ይቁጠረው።"

ተቆጣጣሪው ደርበው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ፦
"ወፍ ብልሽት ነው ወይ?"
እንድሪስ በሰማያዊ፦ "አይደለም ጌታዬ፤
ብልሽት የሚሆነው የቀረ ዕለት ነው።"
ከዚያ ወዲህ ቀዩ እስክሪብቶ አልተመለሰም።

ሥራውን ሲያስረክበኝ ቁልፍ ሰጠኝ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ምክርም፦
"ዙሪያሽ፣ ለማታውቂው ወፍ ስም አትፍጠሪ፤
ምን እንደሚሠራ ጻፊ፣ ሲሠራ ቆመሽ ቁጠሪ።"

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ?
የዚችን መልአክ እንጃ፣ በኮምቦልቻ አላለፈ፦
ሆዷ አደይ፣ ጀርባዋ የወይራ ቅጠል፣
ጭራዋ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ሲነሳ ሲወድቅ የሚውል፣
ከመስቀል ማግስት፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ከከብት እግር ሥር
ትንኝ ስትለቅም፣ ሰኮና ስትሸሽ፣ ስትዞር።
ስም አልፈጠርኩላትም።
"መርፌ" ማለት ስም ነው?

የአሥራ አራትን ጥቅምት ስገልጥ ግን
መዝገቡ ሃያ ላይ ያቆማል።
ከዚያ እስከ ኅዳር መጨረሻ
ቀን የለም፣ ሰዓት የለም፣ ግፊት የለም።
ነጭ ወረቀት፤ ከጥጉ ላይ የጫማ ዳና።

እኛ ያኔ በሐርቡ መንገድ ነበርን፣
ፍራሽ በራስ፣ ጀሪካን በእጅ፣
ከበላያችን ጭልፊቶቹ፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣
እንደኛው ወደ ደቡብ ሲሳቡ።
ልጄ ፊርደውስ አንጋጣ፦
"እማ፣ እነሱስ ማንን ፈርተው ነው?"
"ብርድን" አልኳት።
"ፍራሻቸውስ?"
ምንም አልመለስኩላት። መቁጠርም አልቻልኩ።

ስንመለስ ሞተሩ የለም፤ ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሏል።
መዝገቡ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል።
ጋሽ እንድሪስ ከጡረታው፣ ከደሴ፣ ከሆጤ ወረደ፤
ነጩን ገጽ ብዙ አየው።
ከልቡ የሚሞላው መስሎኝ ነበር፤ ያውቃል እኮ፣
በየትኛው ቀን ማን እንደሚመጣ በቃሉ ያውቃል።
እርሳስ ጠየቀኝ። ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ጻፈ፦
"ወፍ መጥቷል። ቆጣሪ የለም።"

አሁን ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ማታ ማታ ይደውላል፤
"ዙሪያሽ፣ ዛሬስ ወፍ አለ?" ይላል።
እንደ ጎረምሶቹ "ወፍ የለም" ስለው ይስቃል፣
ከዚያ ዝም፤ በዝምታው ውስጥ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

ዘንድሮ መስቀል አለፈ፤ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ።
ከብቶቹ ብቻቸውን ጋጡ።
"ብልሽት" ልል እስክሪብቶ አነሳሁ፣
መልሼ ከጆሮዬ ላይ ሰካሁ።

"ጥቅምት አምስት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል።
ግፊት ሁለት ነጥብ ስምንት፤ ወርዷል።
አስተያየት፦ መርፌ መጥታለች። ቧንቧው ላይ ናት።
ቧንቧው ከመታጠፊያው ያንጠባጥባል፤ የምትጠጣው እሱን ነው።
ጥገናው እስከ ነገ ይቆይ።"