ሰባት ሰዓት ተኩል

ሰባት ሰዓት ተኩል። ኮምቦልቻ ምሳ በልታ ስትዝል፣
የመጋዘኑ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል፣
በስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ አንድ ዐይን ያልፋል።
አይቆምም፣ አይወርድም፣ ጎንበስ ብሎም አያሸትም፤
ቢያሸትስ ምን ሊያገኝ? ሚቴን ሽታ የለውም።
የሚያየው ብርሃን ነው፦ ቦርከናን ነክቶ ሽቅብ ሲወጣ
በመንገድ ስንቱ እንደተበላ፣ ስንቱ እንደታጣ፤
የሰኞ ገበያ ነጋዴ ጆንያውን ሳይፈታ፣
በትከሻው መዝኖ ብቻ
አይጥ የቀመሰውን እንደሚያውቅ።

እኔ ታች ነኝ፤ በሩ በማይገጥም ቢሮ፣
ማራገቢያው በሚያጓራ ኮምፒውተር ፊት።
ሐምሌና ነሐሴ በሰንጠረዤ ባዶ ናቸው፤
የሐረጎ ጉም ነው የበላቸው።
አለመታየት ግን አለመኖር አይደለም፤
ረግረጉ የሚንተከተከው፣ ከብቱ ሣር የሚጠግበው ያኔ ነው፣
ማንም ሳያየው።

አንዷ ነጥብ ሰባት ኪሎ ሜትር በአምስት ተኩል፤
በውስጧ የቆዳ ፋብሪካው ኩሬ፣ የቄራው ጉድጓድ፣
አሞራ የሚዞርበት የቆሻሻ ክምር፣
የአጎቴ የሙሄ ሁለት ላሞችና አንድ ሰነፍ በሬ፤
ሁሉም ባንድ ቁጥር ታስረው።

በሬው ባገሳ ቁጥር ሙሄ
«አልሐምዱሊላህ በል እንጂ!» ይለዋል።
«ከዚህ ሁሉ የኔ በሬ ድርሻ ስንት ነው?»
«አላውቅም።»
«ሰማይ ድረስ ወጥታችሁ?»
«መጀመሪያ ነፋሱ ይቀነሳል፤
ከአፋር ቆላ በባቲ በኩል የመጣ አለ፣
እዚህ ሳይወጣ እዚህ የሚቆጠር።»
ሳቀ። «እንደኔ በይዋ!
ወረባቦ ተወልጄ ኮምቦልቻ የተቆጠርኩ።»

ፋብሪካው ከብቱን ይላል፣ ከብት አርቢው ፋብሪካውን፣
ማዘጋጃ ቤቱ ረግረጉን።
ረግረጉ ብቻ ማንንም አይከስም፤
አረፋውን ይተፋል።

ዛሬ ማታ ሪፖርቱ ይገባል፤
አንድ ቁጥር፣ ከጎኑም ሲደመር ሲቀነስ ሌላ ቁጥር፣
ከመጀመሪያው እምብዛም የማያንስ።
አለቃዬ «ይህን ምልክት አጥፊው፣ ያሳፍራል» ብሎኛል።
አላጠፋውም።
የሐምሌ ጉም፣ የባቲ ነፋስ፣ የሙሄ በሬ
የሚኖሩት እዚያች ምልክት ውስጥ ነው፤
ባጠፋት ቤት የላቸውም።

ነገ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ እቆማለሁ።
ምንም አላይም፤ ሰማይ ብቻ፣ ምናልባት አንድ ጭልፊት።
ለስሌቱ የሚጨምረው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ
ጃንጥላዬን አጥፋለሁ።