ዓይንህ አስወደደው

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ስሜን የሚያውቅ የለም፤
ግቢው ሁሉ «ውሃ መጣ!» ይለኛል፣ ውሃው ግን አልመጣም።
ደብተሬን ይዤ እጎነበሳለሁ ከቧንቧው ሥር፣
ዓይኔ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል ወደ አጥር፦
ዶሮ የሚጠጣበት አበባማ ሳህን፣ ጠርዙ የተላጠ፣
የሚዛን ድንጋይ ከነማኅተሙ፣ በር እንዲይዝ የተቀመጠ።

በወር ሁለት መቶ ብር አለኝ፣ ለዚሁ የቆረጥሁት፣
በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከሚስቴ ያልደበቅሁት።
(«ብትደብቀውም አገኘዋለሁ» ስላለችኝ ነው።)

በሁለት መቶ ብር ምን ይገዛል?
ምላስ የሌለው ደወል ይገዛል።
ጓጉንቸር የጠፋው ቁልፍ፣ ቁልፍ የጠፋው ጓጉንቸር፤
(ላጋባቸው ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ግትር።)
የባቡር ትኬት መብሻ፣ ጥርሱ የረገፈ፣
ስንቱን የጅቡቲ መንገደኛ ነክሶ ያሳለፈ።

ደንብ አለኝ። ለአንድ ዕቃ ከመቶ በላይ አልከፍልም፤
የተሰበረ እገዛለሁ፣ የተቀባ አልገዛም፤
ዝገት በአሸዋ ይለቃል፣
ቀለም የቀባ እጅ ግን አይለቅም።

አዴ መርዲያ ከቀፊራ ጀርባ፣ ማዳበሪያ ዘርግታ፣
ትሸጣለች ማንኪያና ብሎን፣ ማጠፊያና ምስማር አምታታ።
ነሐሴ ነበር፤ ደቻቱ ሌሊቱን ወርዶ፣ አሸዋው ገና ሳይደርቅ፣
ከምስማሯ መሐል አየሁት፣ ጣት የሚያህል ጥቁር ብልቃጥ፣
አንገቱ ላይ የሰንሰለት ቁራጭ፣ ክዳኑ ላይ ጨረቃ።
የኩል ዕቃ! በአውራ ጣቴ ባሸው፣ ከጥቁረቱ ሥር ነጣ፤
ልቤ እንደ ፍየል ዘለለ፣ አፌ ቃል አላወጣ።
«ይሄስ?»
«ብረት ነው መሰለኝ። ሠላሳ ስጥ።»
ሃያ አምስት ከፈልሁ። ተከራክሬ!
የማያውቅ ሰው ለመምሰል።

ማታ በአመድና በሎሚ አሸሁት፤
ብር ነው። በብር የገዛሁት ብር።
ውስጡ የደረቀ ኩል አለ፣ ከሰው ዓይን የተረፈ፤
የማን ዓይን ነው ብዬ ባስብ ደግ ነበር፣
እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሃያ አምስቱ ነበር።
«ስንት ያወጣል?» አለች ትርፌ።
«ሁለት ሺህ። ከዚያም በላይ።»
«ስንት ከፈልህ?»
ነገርኋት። አምፖሉን አጠፋች።
በጨለማው ውስጥ «ጎበዝ» አለችኝ፣ እንደ ስድብ።

በማግሥቱ ቆርቆሮውን ገለበጥሁ፤ መቶ ሰባ አምስት ብር።
«አዴ፣ ያ ብረት ብር ነው፤» አልኋት፣ «ይኸው ይጨመር።»
ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከመቀነቷ ሥር ወሸቀች።
«አቦ! እንግዲያ ትናንት እየሰረቅኸኝ ነበር!»
ምርቃት ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

ከዚያ ወዲህ ያነሳሁት ሁሉ ዋጋው ዕጥፍ፤
እጄን ትታ የምታየው የዓይኔን ጫፍ።
ሌላው በአምስት የሚወስደውን እኔን «አርባ» ትለኛለች፤
«ምነው አዴ?» ስላት «ዓይንህ አስወደደው፣ እኔ ምን አልሁ?» ትላለች።
ዘዴ ፈጠርሁ፦ ምስማር እየመረጡ ፋኖሱን በጎን ማየት፤
የምስማሩን ዋጋ ጨመረች በዚያው ዕለት።

ትናንት አንዲት ኩባያ አየሁ፣ ታችዋ የተበሳ፣ ጆሮዋ የወለቀ፤
አራት ብር እንኳ እንደማታወጣ የቀፊራ ውሻ ሁሉ ያወቀ።
«አርባ» አለች።
«አዴ፣ ቀዳዳ ናት እኮ!»
«ብዙ አየሃት» አለች። እውነቷን ነው።
ለምን ያን ያህል እንዳየኋት እስካሁን አላውቅም።
ከፈልሁ። መልሱን እንኳ አልቆጠርሁም።

ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥን በላይ ሰቀልሁ፤
ኩባያዋን የት ላድርጋት ብዬ ገና ሳስብ፣
ትርፌ የጥርስ ብሩሿን አቆመችባት።
«ጥሩ ዕቃ ነው፤» አለች፣
«ውሃ አይቋጥርም።»