ማን ይነዳዋል?

ባለ ሁለት ጎማ ማሰሪያ አያጣም፣
ሰንሰለት ቢያጠልቁት ከወገቡ አይወጣም።
የኔዋ ግን ወገብም እጀታም የላት፣
አንድ ጎማ፣ አንድ ዘንግ፣ ኮርቻ ብቻ ናት።
በየት በኩል ልሰራት?

ቤርሸባ መጥቼ ኮሌጅ እንደገባሁኝ፣
ከመጽሐፍ በፊት ሦስት ጓጉንቸር ገዛሁኝ።
አንዱ በራጂዎች፣ አንዱ በሹካው ስር፣
ሦስተኛው ሁለቱን ከምሰሶ ሊያስር።
ኮርቻዋን ነቅዬ ክፍል እገባለሁ፣
ከፊዚክስ ደብተሬ አጠገብ አኖራለሁ።
«ፈረሱስ የታለ?» አለኝ መምህሬ፣
«ውጭ ታስሯል» አልኩት አንገቴን ሰብሬ።

ግሪሻ ሲሰጠኝ ነቲቮት ነበር፣
ጉልበቱ ሲከዳው፣ ሰርከሱ ሲቀር።
«ጎማሽን አትዪ፣ አሻግረሽ እዪ፣
ወድቀሽ ጉልበትሽን ቢያምሽ እንኳ ቻዪ»
ይለኝ ነበር፣ ግማሹ ሩሲያኛ በሆነ ዕብራይስጥ፣
ክረምት ከበጋ፣ በዚያ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ።

ሰው ሁሉ ይስቃል። «ማን ይነዳዋል?» ይላል፣
«የማይነዳውን ሌባ ወስዶ ምን ያደርገዋል?»
ምን ያደርገዋል! ሌባ ላመሉ ነው ዳቦ የሚልሰው።
ከደረጃችን ላይ የአንድ እግር ጫማ የወሰደ ሰው
አለ እኮ በሰፈራችን፤
አባቴ ግራውን እስካሁን አልጣለው፣ ቀኙን እየጠበቀው።

የፈተና ሰሞን አንድ ዘዴ መጣልኝ፣
ያላየውን ሌባ እንዴት ይነካብኝ?
በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ጠቅልዬ ጠቅልዬ፣
ከባሕር ዛፉ ጀርባ አጋደምኳት ጥዬ።

ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳለን ድምፅ ማጉያው ጮኸ።
የተጠረጠረ ዕቃ! መንገዱ ተዘጋ፣
ባለ ሰንሰለት ሮቦት ወደ ዛፉ ተጠጋ።
ወጣሁ እየሮጥኩኝ ኮርቻ ታቅፌ፣
«የኔ ናት! የኔ ናት!» ከገመዱ አልፌ።
«ቁሚ! እጅሽን ወደ ላይ!» ኮርቻውም ወደ ላይ።
ጥቁር ልጅ፣ ጥቁር ዕቃ፣ የጠራ ሰማይ።
ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

አያ ስንሻው መጣ፣ የበሩ ጥበቃ፣
«ያቺ እኮ የኛ ናት፣ ያም የሷ ነው ዕቃ፤
ጠዋት ባንድ ጎማ ገብታ፣ ማታም ባንድ ትወጣለች።
እኔን ጠይቁኝ።»
ፖሊሱ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ላስቲኩን አየ።
ሮቦቷ እንደ መጣች ወደ ኋላዋ ሄደች።

ኋላ ውሃ ሰጥቶኝ፦ «አይናዲስ» አለኝ፣
(በተማሪ መዝገብ ኤይናት ነው የሚሉኝ)
«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ።
ባለቤቱን ካላወቁስ? አፈንድተው ያልፋሉ።
ነገ ከኔ ዳስ ስር እሰሪያት፣ እያየኋት ትዋል፣
የታየ ይሰነብታል።»

ሰነበተች። እስከ ሐምሌ።

አንድ ዓርብ፣ ለአውቶቡስ ስሮጥ፣ መክፈቻዎቹን ረሳሁ፣
እዚያው እንደተሰኩ። እሁድ ጠዋት መጣሁ።
ጓጉንቸሮቹ የሉም። ሦስቱም። ከነሰንሰለቱ።
እሷ ግን ቆማለች፣ ከዳሱ ፊት ለፊቱ።
ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ቁልፍ ከሷ በልጦ?
እንዴት ያልፋታል ሌባ፣ ብረት መርጦ?

አያ ስንሻው አፈረ። ቅዳሜ ተረኛው እሱ አልነበረም፣
ቢሆንም አፈረ። ምንም አልተናገረም።
ቀበቶውን ፈታ፣ የደንብ ልብሱን፣
በራጂዎቹ አሳልፎ ቋጠረው ጫፉን።
ከዚያ እስከ ማታ፣ ሱሪውን ባንድ እጁ ይዞ፣
ባንድ እጁ የተማሪ ቦርሳ ሲፈትሽ ዋለ።